የጋሼ መለኪያ

ታላቅ ወንድሜን ጋሼ ነው የምለው። ከጅማ አዲስ አበባ ቡና እየጫነ ሲመላለስ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ማታ መኪናውን ካቆመ በኋላ አረቄ ይጠጣል። ሁለት መለኪያ፣ ሦስት መለኪያ፣ ከዚያ በላይም። ሲንገዳገድ አይተነው ስለማናውቅ ቤተሰቡ በሙሉ ዝም አልን። ዛሬም የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ሰው ባይሰክርም በየቀኑ የሚጠጣው ጉበቱን ይጎዳዋል።

አምና ክረምት ላይ ምግብ አስጠላው። እዚሁ ጅማ ደሙን ተመረመረ። የሄፓታይተስ ቢም ሆነ ሲ ምልክት አልተገኘበትም። ኤኤስቲ የሚባለው የጉበት ኢንዛይም ግን 190 ደርሷል፤ ኤኤልቲ ከሚባለው ከሌላው የጉበት ኢንዛይም ከእጥፍ በላይ ነው። ዶክተሯ እንዲህ ሲበልጥ ብዙ ጊዜ ከአልኮል ጋር እንደሚያያዝ ነገሩንና የጉበቱ ጥንካሬ አዲስ አበባ እንዲለካ ጻፉልን። ያንን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ጋሼ ያን ቀን በተሳፋሪ ወንበር ሄደው።

የጉበት ጥንካሬ የሚለካው መሣሪያ ፋይብሮስካን ይባላል፤ እሱ ላይ የሚተኛ ሰው ቢያንስ ለ3 ሰዓት ምግብ መብላት የለበትም። ጋሼ ጠዋት ቡናውንም ሳይቀምስ ነው የገባው። በጀርባው ተኛ፣ ቀኝ እጁን ከራሱ ስር አደረገ። ጎድኑ መሃል ጄል ቀቡትና የመሣሪያውን ጫፍ አሳረፉበት። ቀስ አድርጎ መታ መታ ያደርጋል፤ አያምም። እኛ አቮካዶ መብሰሉን በጣት ጫን አድርገን እንደምናውቀው፣ መሣሪያው ደግሞ ትንሽ ንዝረት ወደ ውስጥ ይልክና ፍጥነቱን ያያል። ጉበቱ በጠነከረ ቁጥር ንዝረቱ ይፈጥናል። 10 ጊዜ ለክተው መካከለኛውን ይወስዳሉ። መለኪያው ኪሎፓስካል ይባላል። የጤነኛ ሰው ጉበት 5 አካባቢ ነው።

የጋሼ 21.4 ሆነ።

የለካው ሰው ቁጥሩን አየና «ሲሮሲስ ነው» ብሎ፣ ጉበቱ በጠባሳ ተበልቷል ማለቱ ነው፣ ቀጣዩን ተረኛ ጠራ። የደም ውጤቱን አልጠየቀም። መቼ እንደጠጣም አልጠየቀም። ጋሼ ጊቤን እስክንሻገር አንድ ቃል አልተነፈሰም። ከዚያ «ለእማዬ እንዳትነግሪያት» አለኝ።

ጅማ ስንመለስ ዶክተሯ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጡ። ያኔ ያስረዱኝን ነው ለሁሉም ሰው መንገር የምፈልገው። አልኮል ጉበትን ሲያስቆጣው ጉበቱ ያብጣል። ያበጠ ጉበት ደግሞ ጠባሳ ባይኖረውም ይጠነክራል። መሣሪያው የሚለካው ጥንካሬውን እንጂ ምክንያቱን አይደለም። በልቶ መሄድም፣ የልብ ድካምም፣ የሐሞት መተላለፊያ መዘጋትም ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህ ኤኤስቲ እንዲህ ከፍ ባለበት ጊዜ የተገኘ ቁጥር የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። መጠጥ ቆሞ፣ ቢያንስ ከሳምንት በኋላ እንደገና ይለካል። ከ8 በታች ከሆነ የከፋ ጠባሳ የለም ለማለት ይቻላል። ከ12 እስከ 15 ካለፈና እብጠት ከሌለበት ግን በጣም ያሳስባል።

ማቆሙ ቀላል አልነበረም። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ይንቀጠቀጣል፤ እንደሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፈውም ይችላል። ቤት ውስጥ በጸበልና በጸሎት ብቻ ልናሳልፈው አስበን ነበር። ዶክተሯ እምቢ አሉ፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሐኪም ቤት ተኝቶ፣ መድኃኒት እየተሰጠው አሳለፈ። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ከሁለት ወር በኋላ ኤኤስቲው 41 ሆነ። አዲስ አበባ ተመልሰን አስለካነው፤ 11.3። እልል ልል ስል ዶክተሯ ገቱኝ። ጠባሳ አለ፣ ሙሉ በሙሉ አልዳነም፤ ካልጠጣ ግን ጉበት ራሱን የሚጠግንበት አቅም አለው አሉን። ጋሼ በልቡ ይዞት የከረመውን ጥያቄ ያኔ ጠየቀ። «በበዓልስ አንድ መለኪያ?» «አንድም» አሉት።

አሁን ሁለቱን ወረቀቶች መኪናው ውስጥ፣ ከሊብሬው ጋር ነው የሚያስቀምጣቸው። መርካቶ ቡና ሲያራግፉ አብረውት የሚጠጡ የነበሩ ሹፌሮች ይጠይቁታል። ባለፈው ሳምንት አንዱ ዓይኑ ቢጫ መስሎታል፤ ጋሼ ወረቀቶቹን አወጣለት። «ሳትበላ ሂድ» አለው፤ «የደም ውጤትህንም ያዝ። የምትጠጣውንም አትደብቃቸው።»