ወይኔ፣ ወይኔ!

ዛሬ ጠዋት የወይን ችግኜን ከጀሪካኑ ገለበጥኩት። ሥሩ ጠቁሯል። በጣቴ ሲነካ ልጣጩ እንደ ተቀቀለ ድንች ሙልጭ አለ። ሽታው ደግሞ የረጋ ኩሬ!

እኔ እኮ የሚጎዳት ብርዱ መስሎኝ ሦስት ወር ሙሉ ብርዱን ስረግም ነው የከረምኩት። ደሴ አይደለች፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ። ውጭ ያለው ወንድሜም «ኮንኮርድ የሚባለውን ዘር ፈልጊ፣ ብርድ አይፈራም» ይለኛል። እውነቱን ነው። ኮንኮርድ በ1840ዎቹ አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ የወጣ ዘር ነው፤ ቅጠሉን አራግፎ ሲተኛ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪም ይችላል። ግን የደሴ ብርድ እዚያ መቼ ደርሶ ያውቃል? ሥሩ ውሃ ውስጥ ከተዘፈዘፈ ደግሞ ኮንኮርድም አለቀለት።

ጀሪካኑን ውሃ የሚቋጥር ዋልካ አፈር ብቻ የሞላሁት እኔው ነኝ። የበሳሁትም አንዲት ቀዳዳ፣ ያውም በቀጭን ሚስማር። በየቀኑ ደግሞ ውሃ!

ጎረቤቴ እትዬ አይተው ሳቁ። «አብሽሪ፣ ይህቺ ትበቅልልሻለች» ብለው ከጓሯቸው ወይን የእርሳስ ውፍረት ያላት ባለ አራት ዓይን (ቡቃያ የሚወጣበት እብጠት) ቁራጭ ሰጡኝ።

አሁን አፈር፣ የቦርከና ወንዝ አሸዋ እና በደንብ የበሰበሰ ፍግ እኩል እኩል ቀላቀልኩ። በጋለ ብረት ስምንት ቀዳዳ። (ከሥር የገል ስባሪ መደርደር ውሃ ያወርዳል የሚባለውን ተውኩት፤ እርጥበቱን ወደ ሥሩ ከፍ ከማድረግ በቀር አይረዳም።) ሁለቱን ዓይን ቀበርኩ፣ ሁለቱን ከላይ ተውኩ።

ውሃ ሳጠጣት በስምንቱም ቀዳዳ ሲንጠባጠብ ቁጭ ብዬ አየሁት። ወላሂ ደስ ይላል።