ባለ ሦስት ቁልፉ ሣጥን፦ የአራተኛው ወር ማስታወሻዬ

ኦድፌሎውስ የተባለውን የእንግሊዝ መረዳጃ ማኅበር ታሪክ ማጥናት ከጀመርኩ አራተኛ ወሬን ያዝኩ። መጀመሪያ የሳበኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ምስጢሩ ነበር፤ የይለፍ ቃሉ፣ የእጅ ምልክቱ፣ ሥነ ሥርዓቱ። በዚህ ወር ግን ምስጢሩን ትቼ ከሣጥኑ ጋር ስታገል ከረምኩ።

የእንግሊዝ መረዳጃ ማኅበራት ገንዘባቸውን በሣጥን ያስቀምጡ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ ሦስት ቁልፍ ያለው፣ ቁልፎቹም በተለያዩ ሰዎች እጅ የሚያድሩ። አንዱ ከቀረ አይከፈትም። የእድር ገንዘብ ያዥ ሆኖ የሚያውቅ ሰው ለዚህ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የኦድፌሎውስ ማንቸስተር ዩኒቲ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1810 ነው። ፋብሪካው የገጠሩን ሰው ወደ ከተማ እያጎረፈ ነበር፤ ቢታመም ደመወዝ የለው፣ ቢሞት ቀባሪ ዘመድ በአጠገቡ የለው። አባሉ ሳንቲም ያዋጣል፤ ሲታመም ይከፈለዋል፣ ሲሞት በወግ ይቀበራል። በ1834 የወጣው የድሆች ሕግ ረዳት ያጣውን ጤነኛ ሰው ሥራ እያሠራ ወደሚያኖር የድሆች ቤት የሚሰድድ ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ ማኅበርተኛ መሆን ይበልጥ ተፈለገ። የይለፍ ቃሉም የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ሥራ ፍለጋ ከከተማ ከተማ የሚዞር አባል በማያውቁት ወንድሞች ፊት አባልነቱን የሚያስረዳበት ነበር፤ አጭበርባሪ ሣጥኑን እንዳያልበው።

ያቃተኝ ሒሳቡ ነው። በየቅርንጫፉ ወጣቱም ሽማግሌውም እኩል ያዋጡ ነበር። አባላቱ ጎልማሶች ሳሉ ሣጥኑ ይሞላል፤ አብረው ሲያረጁ ይራቆታል። የማኅበሩ ጸሐፊ ሄንሪ ራትክሊፍ የአባላቱን ሕመምና ሞት በዕድሜ ከፋፍሎ በ1850 ሠንጠረዥ አሳተመ። እኔም ለልምምድ ሠላሳ ምናባዊ አባላት በደብተሬ መዝግቤ፣ እኩል አስከፍዬ፣ በሁለት ምሽት አከሰርኳቸው። ከዚያ መዋጮውን እንደ መግቢያ ዕድሜያቸው ለያይቼ ደገምኩት። በ45 ዓመቱ የገባው ሰውዬ በ20 ዓመቱ ከገባው ይበልጥ መክፈል ነበረበት፤ በወንድማማቾች ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ይህን መናገር ምን ያህል ድፍረት ይጠይቅ እንደነበር አስቡት።

በሚቀጥለው ወር ወደ 1911ዱ የብሔራዊ መድን ሕግ እሻገራለሁ፤ መንግሥት የሠራተኛውን የሕመም ክፍያ በእነዚሁ ማኅበራት በኩል እንዲታደል ያደረገበት ሕግ ነው። ሠላሳዎቹ ሰዎቼ ግን ገና አልዳኑም፤ በ26ኛው ዓመት ሣጥኑ አሁንም ይጎድልብኛል።