የእማማ በርበሬና የእኔ አውሮፕላን

ምናለሽ ተራ የፍሪጅ ማሸጊያ ፎም ተሸክሞ ለብቻው ፈገግ የሚል ጎልማሳ አይታችሁ ከሆነ እኔ ነኝ። በሪሞት የሚበር አውሮፕላን እሠራለሁ። ባለቤቴ «ሥራ ፈት» ትለኛለች፤ የእህቴ ልጅ ማሙሽ ደግሞ «ፓይለት»። እኔ የማሙሽን ነው የተቀበልኩት።

ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ፎሙን በካተር ቆርጣችሁ ክንፍ ታወጣላችሁ። በሱፐር ግሉ ልለጥፈው ካላችሁ ፎሙን በልቶት ቁጭ ይላል፤ የሚያዋጣው በሙቀት እየቀለጠ የሚወጣው የፕላስቲክ ሙጫ ነው። የጎማው እግር ከብስክሌት ራጂ ይታጠፋል። ሞተርና ሰርቮ (ጅራቱንና ክንፉን የምታዘው ትንሽ ማሽን) ግን ከዱባይ የምትመጣ አክስት ይፈልጋሉ። ትርፍ ሊቲየም ባትሪ አውሮፕላን ላይ የሚፈቀደው በእጅ ሻንጣ ብቻ ስለሆነ፣ «አክስቴ፣ ከሽቶው በፊት ባትሪዬ!» እያልኩ በስልክ ስነዘንዛት ከረምኩ። እስካሁን አኩርፋኛለች።

ከሁሉ የሚብሰው ሚዛኑ ነው። ከክንፉ የፊት ጠርዝ የስፋቱን ሩብ ያህል ወደ ኋላ ገባ ብላችሁ በሁለት ጣት ስታነሱት ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። የእኔው ጅራቱ ከበደና አፍንጫው ላይ የአንድ ብር ሳንቲሞች በፕላስተር ለጠፍኩበት። በዚህ ዘመን አንድ ብር ክብደት ያላት እዚያ ላይ ብቻ ነው።

ኅዳር መጨረሻ፣ እሑድ ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ጀርባ ጤፍ የታጨደበት ሜዳ ላይ ወጣን። ከ2000 ሜትር በላይ ላይ ስለምንኖር አየሩ ስስ ነው፤ ክንፉም ፕሮፔለሩም የሚይዙት ያጣሉ። ፈረንጆቹ በዩቲዩብ ቀስ አድርገው የሚለቁትን እኔ ሮጬ እንደ ጦር ነው የምወረውረው። ወረወርኩት። ተነሳ! ማሙሽ በደስታ መሬት ላይ ተንከባለለ።

ታዲያ አንድ ጭልፊት ከየት መጣ ሳይባል መጣ። ሥጋ መስሎት ይሁን ባላጋራ እሱ ያውቃል፤ አንዴ ዞረው፣ ሁለቴ ዞረው፣ ከዚያ ጅራቱን በጥፍሩ ላፍ! አፍንጫውን ቀና ዝቅ የምታደርገው ኤሌቬተር ተገንጥላ ስትወርድ አየኋት። አውሮፕላኑ ሙሉ ጉልበቱን እንደያዘ ከብሎኩ ጀርባ ጠለቀ። ሞተሩን አጠፋሁ፣ ማለት ሪሞቱ ላይ አጠፋሁ። 2.4 ጊጋኸርዝ ሲግናል ባለ አራት ፎቅ ኮንክሪት እንደ ልቡ ሰንጥቆ አያልፍም፤ አውሮፕላኑ ላይ ያለው ርካሽ ሪሲቨር (ሲግናል ተቀባዩ) ደግሞ ሲግናል ሲያጣ የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ የሚቀጥል ታማኝ አገልጋይ ነው። የመጨረሻው ትእዛዜ «ሙሉ ጉልበት» ነበር።

መጀመሪያ ዝዝዝ፣ ቀጥሎ ጠጠጠጠ፣ ከዚያ «ኡኡ!»

ስንደርስ ሰማዩ ቀይ ነው። የምድር ቤቷ እማማ የዓመት ዛላ በርበሬያቸውን ሸራ ላይ አስጥተው ኖሯል፤ አውሮፕላኑ መሃሉ ላይ በሆዱ ተኝቶ እየፈጨላቸው ነው። እማማ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ይዘው ያስነጥሳሉ። ውሻው ያስነጥሳል። ከሁለተኛ ፎቅ የሆነ ሰው «ይማርሽ!» ይላል። ጥበቃው ጋሼ ዱላቸውን መዘው «ቁም! ቁም ብያለሁ!» ይሉታል አውሮፕላኑን። አልቆመም፤ በዱላ ክንፉን አሉት። ከጭልፊቱ የተረፈውን ጋሼ ጨረሱት። ዓይኔን ጨፍኜ፣ እየዳበስኩ የባትሪውን ሶኬት ነቀልኩ።

«የማነው ይሄ?» አሉ እማማ።

«የአጎቴ!» አለ ማሙሽ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጭልፊት ነው...»

«ጭልፊት ጫጩት ነው የሚወስድ። ገና አልተቀነጠሰም እኮ! ከነእንጨቱ ነው የፈጨው! ኮረሪማ አልገባበት፣ በሶብላ አልገባበት!»

የብሎኩ ኮሚቴ እዚያው በጆንያ ላይ ተሰየመ። አንዱ ካሳ አለ፣ አንዱ ፖሊስ አለ፣ አንዱ ደግሞ በመሃል «ስንት ሜትር ይወጣል?» ብሎ ጠየቀና ተቆጡት። ውሳኔው፦ የፈጨሁትን በኪሎ እተካለሁ፣ የተረፈውን ዛላ ደግሞ እማማ በር ላይ ቁጭ ብዬ እቀነጥሳለሁ። ቀነጠስኩ። ባለቤቴ በረንዳ ላይ ሆና ቡናዋን እየጠጣች ስልኳን ደቅናብኛለች። ረስቼ ዓይኔን ያሸሁበትን ቅጽበት ቪዲዮ የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ታገኙታላችሁ፤ የሳቅ ምልክት ከላኩበት መካከል አክስቴም አለችበት።

ጥገናው ገና አላለቀም። አዲስ ጅራት ቆርጫለሁ፣ ክንፉን በሙጫ ገጥሜያለሁ፣ ሞተሩን በጥርስ ብሩሽ ጠርጌዋለሁ፤ ሆኖም በሞቀ ቁጥር ቤቱን ወጥ ወጥ ያሸተዋል። ሚዛኑን ስለካ ከአፍንጫው አንድ ሳንቲም ጎድሏል። ወርጄ እማማን ጠየቅኳቸው።

«እሷማ ወፍጮ ቤት ናት» አሉኝ። «ባለ ወፍጮው ይፈልግሃል።»