ለመኪናዬ የሞተር ዘይት የመረጥኩት እንዲህ ነው

ያገለገለ መኪና ስገዛ የሞተር ዘይቱን ነገር ያልመከረኝ ሰው አልነበረም። አንዱ "ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደ ሞተር ወፍራም ዘይት ነው የሚፈልገው፣ 20ደብሊው-50 አድርግበት" አለኝ። ሌላው "ውዱን ግዛና ተገላገል" አለ። እኔ ግን መጀመሪያ የመኪናውን ማኑዋል ገለጥኩ። የዘይቱ ውፍረት 5ደብሊው-30፣ የጥራት ደረጃው ደግሞ ኤፒአይ (የአሜሪካ የነዳጅ ተቋም) በሚሰጠው አጠራር ኤስኤን ወይም ከዚያ በላይ ይላል። ማኑዋል ከሌላችሁ ኮፈኑን ከፍታችሁ ዘይት የሚሞላበትን ክዳን እዩ፤ ብዙ መኪና ላይ ቁጥሩ እዚያው ተጽፏል።

ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ምን ያህል እንደሚፈስ ይናገራል። ሲያንስ ጥሩ ነው፤ ሞተሩ በብርድ ሲነሳ ዘይቱ ቶሎ ይደርሳል። የኋላው ቁጥር ሞተሩ ከሞቀ በኋላ፣ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የሚኖረው ውፍረት ነው።

ታዲያ ወፍራሙ ለምን አይሻልም? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ላብራራው። ዘይት ብረት ከብረት እንዳይፋጭ ብቻ አይደለም የሚሠራው። በብዙ አዳዲስ ሞተሮች ላይ የቫልቮቹን የመክፈቻና የመዝጊያ ጊዜ የሚያስተካክለው ክፍል የሚንቀሳቀሰው በዘይት ግፊት ነው። የዘይቱ መተላለፊያም ጠባብ ነው። ዘይቱ ከታዘዘው በላይ ከወፈረ ይህ ክፍል ይዘገያል። ጠዋት ሲነሳ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ዘይት እስኪያገኝ ይቆያል። ነዳጅም ይበላል። እርግጥ ያረጀ ሞተር ላይ ወፍራም ዘይት ጭስና ድምፅ ሊቀንስ ይችላል። የፒስተን ፋሻ (ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት) ካለቀ ግን መፍትሄው ጥገና ነው፤ ዘይት ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም።

ቀጥሎ የጀሪካኑን ጀርባ አነበብኩ። በኤፒአይ አጠራር በኤስ የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በሲ የሚጀምረው ለናፍጣ ነው። እኔ የገዛሁት ኤስፒ የሚለውን ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ደረጃ ሲሆን ኤስኤንን ይተካል። የጭስ ማውጫው ላይ የጥላሸት ማጣሪያ ያለው የናፍጣ መኪና ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ ሲቃጠል የሚተወው አመድ አነስተኛ የሆነ ዘይት ካልሆነ ማጣሪያው ቀስ በቀስ ይደፈናል። መኪናዬ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ስላላት ሙሉ ሲንተቲክ፣ ማለትም በፋብሪካ የተቀነባበረ ዘይት፣ መረጥኩ፤ ሙቀትን የበለጠ ይችላል።

ሲቀየር አብሬ ቆምኩ። ፊልትሮውም አብሮ ተቀየረ። ማኑዋሉ ከሚለው መጠን ትንሽ አጉድለን ሞላን፣ ሞተሩን አስነስተን አጠፋንና ጥቂት ደቂቃ ጠበቅን። ከዚያ መለኪያውን ጠርገን መልሰን ነከርነውና በሁለቱ ምልክቶች መካከል እስኪደርስ ጨመርንበት። ከላይኛው ምልክት ካለፈ ክራንኩ (ፒስተኖቹ የሚያሽከረክሩት ዘንግ) ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋ የሆነ ዘይት ደግሞ በቅጡ አያለሰልስም። አሁን መኪናዋን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሜ በየጊዜው እለካለሁ። ከጎደለ የጨመርኩትን መጠንና ኪሎ ሜትሩን እጽፋለሁ። ሞተሩ ዘይት መብላት ቢጀምር መጀመሪያ የሚነግረኝ ይህ ማስታወሻዬ ነው።