ለገብርኤል የተሳልኩት ጃንጥላ

መጀመሪያ የሚያሳፍረውን ልናገርና ልገላገል። እኔ ቅዱስ ገብርኤልን «አንድ አንበሳ ብቻ ጣልልኝ፣ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብዬ የተሳልኩ ሰው ነኝ። ሰው ለልጅ ይሳላል፣ ለጤና ይሳላል፣ ለመኖሪያ ፈቃድ ይሳላል። እኔ ለአንበሳ።

አንበሳ ስል ባለ ጎፈሩን የአገራችንን አይደለም። የምኖረው ሲያትል ነው። እዚህ የተራራ አንበሳ የሚሉት፣ ኩጋርም የሚባል፣ ጎፈር የሌለው ቡናማ አውሬ አለ። ትልቁ ወንድ 70 ኪሎ ይደርሳል። የሚመጣውም ከኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ከሲያትል ብዙም በማይርቀው በኖርዝ ቤንድ በኩል ሁለት ብስክሌተኞችን አጥቅቶ አንዱ ሞቷል። ይህን እያወቅኩ ነው የሄድኩት።

ለምን? አያቴ ገዳይ ነበሩ ይባላል። ልጅ ሆኜ በበዓል ቀን አጎቶቼ ሞቅ ሲላቸው «ዘራፍ» ብለው የእሳቸውን ግዳይ ይቆጥሩ ነበር። እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ። በቀን 12 ሰዓት መሪ ይዤ እቀመጣለሁ። ስለ እኔ ማን ምን ሊፎክር ነው?

የአዳኞችን ኮርስ ወሰድኩ፣ ፈቃዱን አወጣሁ፣ ጠመንጃ ገዛሁ። ሲያትል ባለችበት በዋሽንግተን ግዛት ኩጋርን በውሻ ማደን እ.ኤ.አ. በ1996 በሕዝብ ድምፅ ተከልክሏል። የሚመራኝ ሰው ልቅጠር ብል ደግሞ ኪሴ አይፈቅድም። ስለዚህ ብቻዬን ሆንኩ። ያለው ዘዴ ሁለት ነው፤ በበረዶ ላይ ዱካ መከተል፣ ወይም እንደ ቆሰለ ጥንቸል የምትጮህ ፊሽካ እየነፉ ቁጭ ብሎ መጠበቅ። አራት ቅዳሜ ነፋሁ። አንድ ቁራ መጣልኝ።

አምስተኛው ቅዳሜ ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ዋለ። አርብ ማታ እናቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። እሷ ጋ ነግቷል፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልትወጣ ነው። «ዛሬ ገብርኤል ነው፣ ነገ አንተ ጋ ሲሆን አስቀድስ እሺ?» አለችኝ። «እሺ እማዬ» አልኩ። ዋሸኋት። አዲስ በረዶ ጥሏል።

ሌሊት ተነስቼ ስኖኳልሚ ፓስ የሚባለውን የተራራ መተላለፊያ ተሻግሬ ከክሌ ኤለም ከተማ በላይ ወዳለው ወደ ቲያናዌይ ጫካ ገባሁ። ስንቄ ቆሎ ነበር፣ ጾም ነዋ። እኩለ ቀን ላይ ዱካ አገኘሁ። ክብ፣ ሰፊ፣ ጥፍር የማይታይበት። የውሻ ቢሆን ጥፍሩ ይታይ ነበር። ተከተልኩት። ሁለት ሰዓት ያህል ሄጄ አንድ የወደቀ ግንድ ሥር የሞተ አጋዘን አየሁ። በበረዶና በጥድ ቅጠል ተሸፍኗል። ኩጋር የተረፈውን እንዲህ ቀብሮ ነው ተመልሶ የሚበላው። ልቤ ዘለለ። ጀርባዬን ለትልቅ ዛፍ ሰጥቼ ተቀመጥኩ።

ከቀኑ 9 ሰዓት አልፎ ነበር፣ በእኛ አቆጣጠር። እዚያ በታኅሣሥ 10 ሰዓት ካለፈ ብርሃን የለም። ልነሳ ስል ከግንዱ ወዲያ ብቅ አለ። እንዴት እንደመጣ አላየሁም፣ ድምፅ የለ፣ ምን የለ፣ ባዶ የነበረው ቦታ ላይ 15 ሜትር ራቅ ብሎ ቆሞ ያየኛል። አነጣጠርኩ። «በል እንግዲህ ገብርኤል» አልኩ በሆዴ። ምላጩን ሳብኩ።

ቀጭ።

ከሸፈ። ሌላ ጥይት ላጎርስ እጄን ስሰነዝር ከኋላዋ ሁለት ደቦሎች ወጡ። ጎናቸው ላይ ነጠብጣቡ ገና አልጠፋም። እናት ናት። ነጠብጣብ ያላቸውን ደቦሎችም ሆነ ከነሱ ጋር ያለችን እናት መግደል ሕግ ይከለክላል፣ ኮርሱ ላይ በሥዕል አሳይተውናል። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያኔ ሕጉ ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ ነጠላዋን ያጣፋችው እናቴ ናት።

ጆሮዋን ወደ ኋላ አጠፈች። ጠመንጃውን አላምነውም። ብሮጥ አለቀልኝ። ጃኬቴን አውልቄ በሁለት እጄ ከራሴ በላይ ዘረጋሁት፣ ትልቅ ልምሰላት ብዬ፤ አሁን ሳስበው ለካ ጃንጥላ ይዤ ነበር የቆምኩት። አያቴ ቢሆኑ ዘራፍ ይሉ ነበር። ከእኔ አፍ የወጣው «ገብርኤል! ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣህ! አንበሳውን ተወው፣ እኔን ብቻ አውጣኝ!» ነው። እየጮህኩ፣ ፊቴን ሳላዞር፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። ሌላ እርምጃ። እሷ ሁለት እርምጃ ወደ እኔ መጣች። ቆመች። ደቦሎቹን ዞራ አየች። ከዚያ እኔን ሳይሆን አጋዘኑን መረጠችና ግንዱ ሥር ተኛች።

መኪናዬ ጋ የደረስኩት በባትሪ ብርሃን ነው። ድምፄ ተዘግቶ ነበር። ስልክ የሚሠራበት ቦታ ስደርስ እናቴ ጋ ደወልኩ፣ እዚያ ሊነጋ ነው። ሌላ ሰው ቢመሰክር «እናቴም በዚያች ሰዓት ከእንቅልፏ ባንና ስትጸልይልኝ ነበር» ይላል። ጠየቅኳት። «እኔማ ስለደከመኝ ለጥ ብዬ ነው የተኛሁት፣ ምነው ልጄ?» አለችኝ። የጸለየችው ቀደም ብላ ነው፣ ቅዳሴ ላይ።

ጠመንጃ የሚያድስ ባለሙያ ጥፋቱን አገኘው። ዘይት አብዝቼበት በብርዱ ረግቷል፣ ጥይቱን የሚመታው መርፌ አቅም አጥቷል። አንድ ጓደኛዬ «ያዳነህ ዘይቱ ነው» ብሎ ይስቅብኛል። ይሳቅ። ያንን ዘይት ያፈሰስኩት በገዛ እጄ ነው፣ አንበሳ ልገድልበት ብዬ ያን ያህል ስወለውለው።

ጃንጥላውን የአክስቴ ልጅ ከመርካቶ አመጣልኝ፣ ዘርፉ ወርቃማ ነው። ሐምሌ 19 አስገባሁ። አንዲት እማማ እልል ብለው ሲያበቁ ጠጋ አሉና «ምን ሰጥቶህ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ከለከለኝ» አልኳቸው። በደንብ አልሰሙኝም መሰለኝ፣ ደግመው እልል አሉ።