በገዛ አንጎሌ ላይ የእይታ ካርታ ስሠራ

የምናየው ነገር በአንጎል የሚስተናገደው ከዓይን ርቆ፣ ከራስ ቅላችን በስተጀርባ ነው። ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን) ላይ ጎን ለጎን ያሉ ነጥቦች እዚያም ጎረቤታሞች ናቸው፤ ግን ከምናየው ትዕይንት አንጻር ተገልብጠው፦ የግራው በቀኝ፣ የላዩ በታች። ጃፓናዊው የዓይን ሐኪም ታትሱጂ ኢኖዬ በሩስያና ጃፓን ጦርነት ጭንቅላታቸውን በጥይት የተመቱ ወታደሮችን መርምሮ ይህን ካርታ እ.ኤ.አ. በ1909 አሳትሟል። እኔ ለመመረቂያ ሥራዬ አንጎልን በማግኔት በሚያነሳ ባለ 3 ቴስላ (የማግኔት ኃይል መለኪያ) ኤምአርአይ ማሽን ውስጥ ተኝቼ ሠራሁት፤ ጥይት አላስፈለገኝም።

ስክሪኑ ላይ እንደ ድፎ ዳቦ ቁራጭ ያለ ሽብልቅ በመሃል ነጥብ ዙሪያ ቀስ እያለ ይዞራል። በውስጡ ያሉት ጥቁርና ነጭ ካሬዎች በሰከንድ 8 ጊዜ ይቀያየራሉ። ቀጥሎ ከመሃል ወደ ውጭ የሚሰፋ ቀለበት ይመጣል። እያንዳንዱ የአንጎል ነጥብ የሚያየው ቦታ የት እንደሆነ፣ ሽብልቁ ማዕዘኑን፣ ቀለበቱ ከመሃል ያለውን ርቀት ይነግራል።

ማሽኑ የሚለካው ደምን እንጂ ነርቭን አይደለም፤ ደም ደግሞ ይዘገያል። ምልክቱ ጫፍ የሚደርሰው ከ5 ሰከንድ ገደማ በኋላ ስለሆነ፣ ሽብልቁን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ካዞሩት ካርታው ይንሸራተታል። በሁለቱም አቅጣጫ አዙሬ ውጤቶቹን ሳጣምር መዘግየቱ ተጣፋ።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ዓይንን አለማንቀሳቀስ ነው። ብልጭ ድርግም የሚል ነገር ዓይንን ይጎትታል፤ ካርታው ደግሞ የሬቲና እንጂ የስክሪን አይደለም። ዓይን በተንቀሳቀሰ ቁጥር ካርታው ይደበዝዛል፤ የትኛውም ስሌት መልሶ አያጠራውም። ስለዚህ የመሃሉ ነጥብ ቀለም ሲቀይር ቁልፍ እጫን ነበር። ለዚህ ሥራ ገንዘብ ያገኘ ሰው፣ እኔን ከሰማ፣ ከሶፍትዌር በፊት የዓይን መከታተያ ካሜራ ይግዛ።

ኮርቴክሱን (የተጣጠፈውን የአንጎል ውጫዊ ሽፋን) በኮምፒውተር ዘርግቼ እያንዳንዱን ማዕዘን በቀለም ሳሳየው፣ ቀለማቱ በቅደም ተከተል ሄደው ሄደው ድንገት ወደመጡበት ይመለሳሉ። መመለሻዋ መስመር የመጀመሪያውና የሁለተኛው የእይታ ክፍል ድንበር ናት፤ በእይታችን ውስጥ ከላይ ወደ ታች የሚወርደውን መሃል መስመር ትወክላለች። ይህን በሌላ ሰው ሥዕል ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ በራሴ አንጎል ላይ ሳየው ግን ለደቂቃዎች ፈዝዤ ቀረሁ።

የእይታችን መሃል በኮርቴክሱ ላይ ከስፋቱ በላይ ቦታ ይይዛል፤ ሆኖም በርካታ ካርታዎች እዚያ ስለሚገናኙ ድንበሩ አይለይም። ያንን አካባቢ ሳላሰምርበት ተውኩት። የሚቀጥለውን ሙከራ በሽብልቅ ፋንታ ስክሪኑን በሚያቋርጥ ዘንግ እሠራዋለሁ፤ በመካከሉ ባዶ ስክሪንም አስገባለሁ።