ባርሴሎናም ሲድኒም ያልሆነው ማሊያ

ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ፍሬም የሚሠራና ቲሸርት የሚያትም ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። አብዛኛው ሥራችን የምርቃትና የሠርግ ፎቶ ነው። አልፎ አልፎ ግን የተፈረመበት ማሊያ ይመጣል፣ በተለይ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ከወሰደ በኋላ። እነዚያ አያስቸግሩም። ባለቤቱ ራሱ ያስፈረመው ነው፤ ተጫዋቹ ሲፈርምለትም በስልኩ ፎቶ አንስቷል።

ያስቸገረን «የደራርቱ ነው» የተባለው ነው።

ሆቴል ሊከፍቱ ሽር ጉድ የሚሉ አንድ ጋሼ አረንጓዴ ማሊያ በፌስታል ይዘው መጡ። ደረቱ ላይ በጥቁር ማርከር ተፈርሞበታል። ደላላው «ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ የሮጠችበት ነው» ብሏቸው ቀብድ ከፍለዋል፤ ቀሪውን ቅዳሜ ሊጨርሱ ነው። ከእኛ የፈለጉት ጥሩ የእንጨት ፍሬምና ከሥሩ «ባርሴሎና 1992» የሚል ጽሑፍ ነው። አስቡት እስቲ። ያ ውድድር እኮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት የኦሊምፒክ ወርቅ የወሰደችበት የ10 ሺህ ሜትር ሩጫ ነው። የዚያን ቀን ልብስ ፌስታል ውስጥ ምን ይሠራል?

«ፊርማውን እይልኝ» አሉኝ። ለሕትመት ሥራ የምንጠቀምበት ማጉያ አለን፣ በሱ አየሁት። በማሽን የታተመ ቢሆን ነጠብጣቡ ይታይ ነበር፣ ወይም ቀለሙ ወጥ ሆኖ ጨርቁ ላይ ይተኛል። ይሄኛው ክሩ ውስጥ ሰርጓል፤ መስመር በመስመር ላይ ያለፈበት ቦታም ጠቆር ብሏል። ስለዚህ የእጅ ነው። የማን እጅ ነው የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። አስመሳይ ፊርማውን እየሳለ ስለሚሄድ መስመሩ ይንቀጠቀጣል ይባላል፣ እውነት ነው፣ ግን ጨርቅ ከማርከሩ ጋር ስለሚሳብ የባለቤቱም ፊርማ ማሊያ ላይ ሲያርፍ ይንቀጠቀጣል። ለማወዳደር በዚያው ዘመን የፈረመቻቸው ሌሎች ፊርማዎች ያስፈልጋሉ። እኛ ጋ የሉም።

ጋሼ ማኅተም ያለበት የማረጋገጫ ወረቀት አወጡ። የሰጠው ማን እንደሆነ የማይታወቅ ወረቀት፣ የፈለገ ማኅተም ይኑረው፣ ዋጋ የለውም። አሜሪካ ውስጥ ኤፍቢአይ «ኦፕሬሽን ቡልፔን» በሚለው ምርመራው ሐሰተኛ ፊርማ የሚያመርቱ ሰዎችን ሲይዝ ማረጋገጫ ወረቀቱም አብሮ ይፎረጅ ነበር። እንዲያውም ማዘር ቴሬዛ የፈረመችበት ነው የተባለ የቤዝቦል ኳስ ተገኝቷል። ሴትዮዋ ለቤዝቦል ምን አገባት!

ፊርማውን ተውኩና ጨርቁን ማገላበጥ ጀመርኩ። ደረቱ ላይ ባንዲራችን ተሰፍቷል፤ መሐሉ ላይ ሰማያዊ ክብና ኮከብ አለበት። ያ ዓርማ ባንዲራው ላይ የገባው በ1988 ዓ.ም. ነው። ባርሴሎና ደግሞ በእኛ 1984 ነው። የመወዳደሪያ ቁጥር በመርፌ ቁልፍ የተያያዘበት ምልክት ብፈልግም አጣሁ። ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝና ስልካቸውን አወጡ፣ ደላላው ጋ ደወሉ፣ ላውድ ላይ አደረጉት።

ደላላው ትንሽ እንኳን አልደነገጠም። «ውይ ጋሼ፣ ተሳስቼ ነው፣ የሲድኒው ነው! እዚያም እኮ ወርቅ አግኝታለች።»

ይሄን ሲል ሱቁ በሳቅ ፈነዳ፣ አለቃዬ ሳይቀር። ነገር ግን ያለው ሐሰት አይደለም። ደራርቱ በ2000 ሲድኒ ላይ በዚያው ርቀት በእርግጥ አሸንፋለች፣ ያኔ ደግሞ ባንዲራው ኮከብ አለው። ጋሼም ፊታቸው ፈካ አለ። እኔ ግን ማሊያውን ወደ ውስጥ ገልብጬ ጎኑ ላይ ያለውን የአስተጣጠብ ላቤል አሳየኋቸው፤ በስልክ የሚነበብ ኪውአር ኮድ ታትሞበታል። በ2000 ዓ.ም. እንኳን አላልኩም፣ በፈረንጅ 2000 ነው የምላችሁ። ያኔ የትኛው ልብስ ላይ ነው ኪውአር ኮድ የነበረው?

«ፊርማውስ?» አሉኝ ቀዝቀዝ ብለው።

ፊርማው የሷ ሊሆን ይችላል አልኳቸው። ደራርቱ በሕይወት ያለች ሰው ነች፤ የሚያውቃት ፈልጎ ማስጠየቅ ይቻላል። የሷ ከሆነ ማሊያው የተፈረመበት የገበያ ማሊያ ነው፣ ዋጋውም የዚያ ነው። ካልሆነ የጨርቅ ዋጋ። ወርቅ የተገኘበት ልብስ ዋጋ ግን በየትኛውም መንገድ አይሆንም። አለቃዬም «ባርሴሎና» የሚለውን ጽሑፍ አንሠራም አላቸው፣ ለሆቴላቸው ትልቅ ፎቶ እንዲያሠሩ መከራቸው።

ቅዳሜ ደላላው ራሱ መጣ። ትንሽ ከተጨቃጨቁ በኋላ ቀብዱን መለሰና ማሊያውን ተቀበለ። ጋሼ እንደወጡ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ይቺን ላቤል ምልክት ሳይተው መፍታት ትችላለህ?» አለኝ።

አለቃዬ ከውስጥ ሆኖ ሰምቶታል። «ባንዲራውንስ ምን ልታደርገው ነው?» አለው።